ቀብር ሸኝቶ የቀረው ሹፌር

ይርጋነሽ ቢቸና መናኸሪያ ስትደርስ፣ ልጇ ሁልጊዜ በሚቀመጥበት የሚኒባስ ሹፌር ወንበር ላይ ድስት የመሰለ ራስ ያለው ነገር ከረባት አስሮ፣ ቆብ ደፍቶ ተቀምጦ አገኘችው።

«ይኼ ነው?» አለች።

«እሱ ነው» አለ ልጇ ምንይሉ፣ እጁን አጣምሮ ግንቡን እንደተደገፈ።

«ሰው መሳይ ነው ስትሉኝ እኔ ሰው ይመስላል ብዬ! ይኼማ የሠርግ ልብስ የለበሰ ጀሪካን ነው።»

ዙሪያውን ከቦ የቆመው ሰው ሳቀ። ሮቦቱ ራሱን ቀስ አድርጎ አዞረና «እንደምን አደሩ፣ እናቴ» አላት፤ ድምፁ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ድምፅ ነው።

«እናትህን ከመጣህበት ፈልጋት» ብላ ጀርባዋን ሰጠችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምንይሉ ከቢቸና ሞጣ የሚያመላልሳት ሚኒባስ የወልደ ኪዳን ናት። ወልደ ኪዳን በእህል ንግድ የከበረ ሰው ነው፤ አገሩ ሁሉ «አቶ» ይለዋል፣ ይርጋነሽ ግን አንድ ሰፈር አብራው ስላደገች «አንተ» ነው የምትለው። አዲስ ነገር ካየ አያስችለውም። ታዲያ አንድ አስመጪ «ያለ ሹፌር የምትሄድ መኪና መግዛት ምን ያደርግልሃል? ያችኑ አሮጌ መኪናህን መሪ ጨብጦ፣ ፍሬን ረግጦ፣ ማርሽ ቀይሮ የሚነዳልህ ሮቦት አለ» ብሎ ለሙከራ አመጣለት። ስሙን ራሱ ወልደ ኪዳን «ጓዴ» ብሎ አወጣለት። ቀጥሎም በመናኸሪያው ሰው ሁሉ ፊት ቃሉን ሰጠ፤ ጓዴ ሰው ጭኖ ሞጣ ደርሶ በሰላም ከተመለሰ፣ ከተሳፋሪም ቅሬታ ካልቀረበበት፣ ምንይሉ ቁልፉን ያስረክባል። ካልሆነለት ግን ወንበሩም ቁልፉም እንደ ዱሮው የምንይሉ ይሆናል። ምንይሉ ደግሞ ከዚያ ወንበር በቀር የሚያውቀው ሥራ የለም።

ስለዚህ ይርጋነሽ ቅሬታ ልታቀርብ መጣች። ገና ሳትሳፈር ቅሬታዋን አሰናድታ ጨርሳለች።

እውነቱን ለመናገር፣ ምንይሉ መሪ ከጨበጠ ወዲህ የጠገበ እንቅልፍ ተኝታ አታውቅም። እሷ ቢቸና ተቀምጣ የሞጣን መንገድ ጠመዝማዛ ሁሉ በልቧ ትነዳለታለች። ደውላ ስልኩ ካልተነሳ ተገልብጧል ማለት ነው፤ ከተነሳም እየነዳ ነው ያነሳው። ይባስ ብሎ አምና የጎልማሶች ትምህርት ገባች። ፊደሉ ገና ያንገዳግዳታል፣ ቁጥሩ ግን ቶሎ ገባት። ከዚያ ወዲህ ከልጇ ኋላ በተቀመጠች ቁጥር ዓይኗ ፍጥነት ከሚያሳየው መርፌ ላይ አይነቀልም። ዱሮ «ኧረ ፈጠንክ» ትለው ነበር፤ አሁን «መቶ ገባህ እኮ!» ትለዋለች። መማር ብርሃን ነው ይባላል፤ ለእሷ ያበራላት የምትፈራውን ነበር።

ተሳፋሪው ገባ። ጋቢና ውስጥ ወልደ ኪዳንና ጸደንያ ተቀመጡ። ጸደንያ ከአዲስ አበባ ከሮቦቱ ጋር የመጣች ባለሙያ ናት፤ ታብሌቷን እንደ ሕፃን ታቅፋለች። ይርጋነሽ ልክ ከሮቦቱ ጀርባ ያለውን ቦታ ያዘች። ምንይሉ «ለማንኛውም አብረህ ሂድ» ተብሎ ስለነበር መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ቆቡን ፊቱ ላይ ደፋ።

ከይርጋነሽ አጠገብ መምህር ይታገስ ተቀመጠ። ሞጣ የተመደበ የሌላ አገር ሰው ነው፤ ሮቦቱን ሲያይ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል።

«እማማ፣ ይኼ እኮ አይጠጣም፣ ጫት አይቅምም፣ እየነዳ ስልክ አያወራም።»

«አይበላምም» አለች ይርጋነሽ። «የማይበላ ነገር ሌላው እንደሚበላ በምን ያውቃል፣ የኔታ?»

ሚኒባሷ ከመናኸሪያው ወጣች። ይርጋነሽ በሮቦቱ ትከሻ ላይ አሻግራ መርፌውን ትጠብቅ ጀመር። ሃምሳ። ስድሳ። ከስድሳ ንቅንቅ አላለም። የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ሲያልፈው አልተናደደም፤ ቁልቁለት ላይ አልለቀቀም፤ ጠመዝማዛው ላይ መንገዱን አልሳተም። አህያ ሲያይ ጥሩምባ የሚነፋ እንጂ የሚቆም ሹፌር አይታ አታውቅም፤ ይኼ ግን የጤፍ ጭነት የተሸከሙ አህዮች መንገዱን ሲዘጉ ቆመ፣ እስኪያልፉም ዝም ብሎ ጠበቀ።

«ፈሪ» አለች ጮክ ብላ። «አህያ አሳልፎ የሚሄድ ሹፌር! አህዮቹም ሳይታዘቡህ አልቀሩም።»

«ደኅንነት ይቀድማል፣ እናቴ» አለ ሮቦቱ።

«እናቴ አትበለኝ ብዬሃለሁ።»

ጥቂት እንደሄዱ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚለምኑ አንድ ሽማግሌ ጃንጥላ ዘርግተው መንገዱ ዳር ቆመው ነበር። ሌላ መኪና ሲመጣ ገባ ብለው ድምፅ ያሰማሉ፣ መኪናው ሲቃረብ ወጣ ይላሉ፤ ሹፌሩም ዝግ ይላል፣ የሚሰጥ በመስኮት ይወረውራል። ይኼ የታወቀ ነው። ጓዴ ግን ሽማግሌው አንድ እግራቸውን አስፋልቱ ላይ ሲያሳርፉ መኪናዋን ጨርሶ አቆመ። ሽማግሌው በሕይወታቸው ጨርሶ የቆመ መኪና አይተው አያውቁም ይሆናል፤ ደነገጡ፤ ቀጥሎም ደስ ብሏቸው መኪናዋ ፊት ቆመው ከመስኮት መስኮት ማየት ጀመሩ።

«ሂድ እንጂ!» አለ ወልደ ኪዳን።

«ሰው መንገድ ላይ አለ» አለ ጓዴ።

«እሳቸው ካልሰጠሃቸው አይሄዱም፣ አንተ እሳቸው ካልሄዱ አትሄድም። እዚሁ ልናድር ነው?»

የማይሰጠውም ሰጠ። ሽማግሌው ሲለቁ ወደ ሹፌሩ መስኮት ጠጋ ብለው «እንዲህ ያለ እግዚአብሔርን የሚፈራ ልጅ! ያሳደገችህ እናት ትባረክ» ብለው መረቁት። ከኋላ ወንበር የምንይሉ ሳቅ ተሰማ። የይርጋነሽ ፊት ግን ጠቆረ፤ እሷ ያሳደገችው ልጅ ኋላ ተቀምጧል፣ ምርቃቱን የወሰደው የብረት ክምር ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለማንም አልተናገረችም። መርፌው ስድሳ ላይ፣ ሞተሩ እኩል እየጮኸ፣ ማዶ የጮቄ ተራራ ደመና ደፍቶ፣ አስፋልቱ እየተዘረጋ ሲሄድ፣ ይርጋነሽ እንቅልፍ ወሰዳት። በዚያ መንገድ፣ በዚያ መኪና፣ ያን ሁሉ ዓመት እንኳን መተኛት ዓይኗን ጨፍና የማታውቅ ሴት ግንባሯን የሮቦቱ ወንበር ላይ አሳርፋ አንኮራፋች።

የነቃችው ሚኒባሷ ስትቆም ነው። አፏን ጠረገች። ጠላቷ ቤት እራት በልታ የተያዘች ያህል አፈረች። ማንም እንዳላያት ለማወቅ ዞር ስትል መምህር ይታገስ ፈገግ አለላት።

«ምን ያስፈግግሃል?» አለችው። «እየጸለይኩ ነበር።»

የቆሙት ደብረ ወርቅን አልፈው ነው። ከፊት ለፊታቸው ቀብር ይመጣል። ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ቃሬዛውን በትከሻ ተሸክሞ፣ አስፋልቱን ሞልቶታል፤ ሚኒባሷን አልፎ ከኋላዋ ወደሚገነጠለው የቤተ ክርስቲያን መንገድ ሊሄድ ነው። የሞቱት መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ የሚባሉ የቅኔ መምህር ናቸው ተባለ።

በዚህ አገር ቀብር መንገድ ላይ ያጋጠመው ሰው የቱንም ያህል ቢቸኩል ከመኪናም ከበቅሎም ይወርዳል፤ ዞሮ ከሬሳው ጋር ጥቂት ይራመድና «ነፍስ ይማር» ብሎ ወደ መንገዱ ይመለሳል። ሹፌርም ቢሆን ይወርዳል። ተሳፋሪው አንድ ሳይቀር ወረደ። ምንይሉም ወረደ፤ ወልደ ኪዳንም ወረደ። ጓዴ ብቻ መሪውን እንደጨበጠ፣ ቆቡን እንደደፋ ቀረ።

አለቃ ሣህለ ማርያም የሚባሉ የደብሩ ሽማግሌ ከቀብሩ መሀል ወጥተው መስኮቱን በዘንጋቸው ቆረቆሩት።

«ይኼ ሰውዬ ምን ቢሆን ነው የማይወርደው?»

«አባ፣ እሱ ሰው አይደለም» አለ ወልደ ኪዳን እጅ እየነሣ።

«ሰው ካልሆነማ ለምን ከሰው ፊት አስቀመጣችሁት?»

 ከለቀስተኛው መሀል ማጉረምረም ተነሣ፤ ብዙዎቹ የወልደ ኪዳን ደንበኞች ናቸው፣ እህላቸውን የሚገዛው ከእነሱ ነው። ወደ ጸደንያ ዞሮ በጆሮዋ «አውርጂልኝ! አሁኑኑ አውርጂልኝ!» አላት።

«መውረድ ይችላል» አለች ጸደንያ። «ቀብር ምን እንደሆነ ግን አልተማረም። በቃ፣ ሰዎች የሚያደርጉትን አድርግ ልበለው።»

አለችው። ጓዴ በሩን ከፈተ፣ ወረደ፣ ግራ ቀኙን አየ፤ ወንዶቹ ራሳቸውን እንደገለጡ ሲያይ ቆቡን አወለቀ። ከዚያ ከቃሬዛው ኋላ ተሰልፎ መራመድ ጀመረ። «ይኸው!» አለ ወልደ ኪዳን፤ ደረቱ ተነፋ። «ሥርዓትም ያውቃል!»

ተሳፋሪው ጥቂት ተራመደ። ነፍስ ይማር አለ። ተመለሰ።

ጓዴ አልተመለሰም።

«ጓዴ! ተመለስ!» ብላ ጸደንያ ጮኸች።

«ሰዎች የሚያደርጉትን እያደረግሁ ነው» አለ ጓዴ ዞር ሳይል። ደግሞም ልክ ነበር፤ የተመለሱት እፍኝ የማይሞሉ መንገደኞች ናቸው፣ የሚሄደው ሕዝብ ነው። ጸደንያ ታብሌቷን ወደ ሰማይ አንሥታ ኔትወርክ ፈለገች፤ ኔትወርክ የለም። ታብሌቷን ታቅፋ ተከትላው ሮጠች። ወንበሩ ባዶ፣ በሩ ክፍት፣ ሞተሩ እየሠራ መኪናዋ ቀረች።

ይርጋነሽ ሳቀች። እንዲህ የሳቀችበትን ቀን አታስታውስም። «ወልደ ኪዳን፣ ሹፌርህ ሊቀበር ሄደ! አልቅስ እንጂ!»

ወልደ ኪዳን አላየሁም አልሰማሁም ብሎ ወደ ምንይሉ ዞረ። «በል ና፣ ንዳ።»

«እኔ?» አለ ምንይሉ። «እኔ እኮ ተሳፋሪ ነኝ፣ ጋሼ። ጓዴ ይመጣል፣ እንጠብቀው።»

«ንዳ አልኩህ! እነሱን ስንመለስ እንወስዳቸዋለን።»

«ለምነኝ።»

«እለምንሃለሁ።»

ምንይሉ ወንበሩን በጨርቅ ወልውሎ፣ ከንፈሩን እያጣመመ ተቀመጠ። ሳይውል ሳያድር ዱሮውን ሆነ፤ ዘፈኑን ከፈተ፣ በአንድ እጁ ስልኩን አወጣና «አዎ፣ ቀብር ሄደ! ሙት በለኝ!» እያለ ለመናኸሪያ ጓደኞቹ ያወራ ጀመር። ከቀብሩ ጭራ የቀሩ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ገና ቀስ እያሉ በመኪናዋ ፊት ያልፉ ነበር። ምንይሉ ጥሩምባውን ነፋባቸው። አንዴ ረዥም፣ ቀጥሎ አጭር አጭር፣ እንደ ሠርግ። አንዲት አሮጊት ደንግጠው ዘንጋቸው ወደቀ።

ይርጋነሽ ከወንበሯ ተነሣች።

«ወራጅ አለ!» አለች።

«እማ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ወራጅ አለ አልኩህ!»

«ሸኝተን ተመልሰን የለ እንዴ? ነፍስ ይማር ብዬ የለ? ደግሞ ለአንቺ ብዬ ነው፣ ወንበሩን ይኸው አገኘሁልሽ!»

«ያ ግዑዝ ቆብ ያወለቀለትን ሬሳ አንተ ጥሩምባ ትነፋበታለህ? እኔ እሱን ስንቅ ነው የዋልኩት። አሁን ያንን ሁሉ ንቀት ለማን ልስጠው? ለእሱ ይብዛበት ይሆን ወይስ ለአንተ ይነስብህ?»

በሩን ራሷ ስባ ከፈተች፤ ወረደች። የወደቀውን ዘንግ አንሥታ ለአሮጊቷ ሰጠች፣ ክንዳቸውን ይዛ ከቀብሩ ኋላ ተሰለፈች። መምህር ይታገስ አመነታና ወረደ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። «እኛ እንኳ እንቸኩል ነበር» እያለ አንዱ ያጉረመርማል፣ ግን ይሄዳል። ምንይሉ በባዶ መኪና ውስጥ ከዘፈኑ ጋር ቀረ። ዘፈኑ እስኪያልቅ እንኳ አልቻለም። ሞተሩን አጠፋ፣ ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ ወረደ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲደርሱ ጓዴ ከመቃብሩ ጉድጓድ አፋፍ ከወንዶቹ ጋር ቆሞ ነበር። ካህናቱ ሲያጎነብሱ ያጎነብሳል። ሰው እጁን ሲያጣምር ያጣምራል። ምንም አላጠፋም። ችግሩ ሬሳው አፈር ሲለብስ መጣ። የሟቹ ልጅ ንጋት «አባቴ!» ብላ ደረቷን ስትመታ፣ ሴቶቹም ሲመቱ፣ ጓዴ ሰዎች የሚያደርጉትን አየ። መዳፉን አንሥቶ ደረቱን መታ።

ዷ! ዷ! ዷ!

ደረቱ ባዶ በርሜል ነው።  እርግቦቹ ከጣሪያው ተነሡ። አንድ ዲያቆን አፉን በነጠላው አፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ንጋት ልቅሶዋን አቋርጣ «ማነው ይኼን ያመጣ? አባቴን ሊቀልድበት ነው?» አለች። ጓዴ እንደገና መዳፉን አነሣ፣ ደረቱ ላይ አሳረፈ፣ እዚያው ደርቆ ቀረ።

«ባትሪው አለቀ» አለች ጸደንያ፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። «ቻርጅ ያደረግነው ተቀምጦ ለመንዳት ነው። መራመድ በጣም ይበላዋል።»

አለቃ ሣህለ ማርያም አንዴ የደረቀውን ሮቦት፣ አንዴ ዘግይተው የደረሱትን መንገደኞች አዩ።

«እስቲ ማንኛችሁን ልናቅ?» አሉ። «ልብ ያለው ከመንገድ ይመለሳል፣ መመለስ ብቻም አይደል ጥሩምባ ይነፋል። ልብ የሌለው እዚህ ድረስ ይመጣል፣ መጥቶ ደረቱን ይደልቃል። በሉ ውሰዱልን። መቃብር የምንቆፍረው ለሰው ነው።»

ወልደ ኪዳን አንገቱን ደፍቶ «አባ፣ ቃሬዛውን ብታውሱን...» አለ።

«ለዚህ? እሱ በእግሩ የመጣ አይደል?»

መሸከም ግድ ሆነ። ሮቦቱ እጁ ደረቱ ላይ፣ እግሩ እንደተገተረ፣ አልታጠፍ ብሏል። ምንይሉ ጎንበስ ብሎ ጀርባው ላይ አዘለው፤ ወልደ ኪዳን፣ ያ ሁሉ ሰው «አቶ» የሚለው፣ ከኋላ እግሩን ያዘለት። የሮቦቱ ድስት ራስ የምንይሉ ትከሻ ላይ ተንጋሎ፣ ከረባቱ ፊቱ ላይ እየተወዛወዘ ከግቢው ወጡ። የሚያለቅሰው ሁሉ ልቅሶውን አቁሞ አያቸው።

«እንዴት ይከብዳል!» አለ ምንይሉ እያለከለከ።

«አንተም ትከብድ ነበር» አለች ይርጋነሽ ከጎኑ። «ያም ሆኖ አንተ ስታድግ ትወርዳለህ ብዬ ነው ያዘልኩህ።»

ስለማይታጠፍ መኪና ውስጥ አልገባም። ጣሪያው ላይ፣ ከሁለት ጆንያ ምስርና ከአንድ ፍራሽ መሀል፣ በገመድ ጠፍረው አሰሩት። ሹፌር ሆኖ ከቢቸና ተነሣ፣ ዕቃ ሆኖ ሞጣ ሊገባ ነው።

ሁሉም ሲሳፈር ወልደ ኪዳን ከጋቢና ዞረ። አቧራ ለብሷል። «በይ ይርጋነሽ፣ ደስ ይበልሽ። ቅሬታሽን አቅርቢ።»

ይርጋነሽ ያሰናዳችው ቅሬታ ብዙ ነበር፤ ፈሪ ነው፣ ያዘገማል፣ እናቴ ይላል። አሁን ሁሉም አፏ ላይ ቀለለባት። እሷ ከእሱ ጀርባ ተቀምጣ ተኝታለች። ይህን የምታውቀው እሷና ፈገግታውን አሁንም ያልጨረሰው መምህር ናቸው።

«መንዳቱን አልነቅፍበትም» አለች። «ግን ካላወረዱት አይወርድም፣ ካወረዱት አይመለስም። ልጇን መንገድ የሰደደች እናት የምትፈልገው ወርዶ የሚመለስ ነው። ይኼ ልጄ መመለሱን እስከ ዛሬ አላጎደለም። መውረዱን ነው ዛሬ የረሳው።» ከዚያ የልጇን ማጅራት እያየች «ይሰማሃል?» አለች።

«ሰማሁ፣ እማ።»

«እንግዲያ ቁልፉ ምንይሉ ዘንድ ይሁን» አለ ወልደ ኪዳን በምሬት፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ እያየ።

ምንይሉ ሞተሩን አስነሣ። ዘፈኑን አልከፈተም። ይርጋነሽ ከጀርባው ተቀምጣ አንገቷን አስግጋ መርፌውን ጠበቀች። ሃምሳ። ስድሳ። መንገዱ ቀጥ ብሎ ሲዘረጋ መርፌው ቀስ እያለ ሰባን አለፈ፣ ወደ ሰማንያ ተጠጋ።

ይርጋነሽ እህ ብላ ሳለች።

መርፌው ወደ ስድሳ ተመለሰ። ጣሪያው ላይ የታሰረው ነገር በየጉድጓዱ ዷ ዷ ይላል። እንደዚያ እየሆነች ሞጣ ድረስ ሄደች፤ መርፌው በወጣ ቁጥር ሳለች፣ በሳለች ቁጥር ወረደ። እንቅልፍ ግን ባጠገቧም አላለፈም።